ሞባይልና የእንሰት ቢላዋ

«ሞባይል ለምን ይጠቅማል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙው ሰው «ለመደወል ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። እውነቱን ነው። መርካቶ የሚነግደው ልጅ አገር ቤት ላሉት እናቱ ይደውላል። እናቱም «ለመስቀል ትመጣለህ ወይስ ትቀራለህ?» ይሉታል። ገንዘብም በስልክ መላክ ከተጀመረ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ስልክ ሌላም ሥራ አለው። የእርሻ እውቀት ከባለሙያ ወደ ገበሬ፣ ከአንዱ ገበሬም ወደ ሌላው የሚተላለፍበት መሣሪያ ነው። እንዴት እንደሚተላለፍና የት ላይ እንደሚሰናከል ቀጥለን እንመልከት።

በጉራጌ ምድር ስለ እርሻ ሲነገር ከእንሰት መጀመር ግድ ነው። ቆጮው፣ ቡላውና አሚቾው ምግብ ነው። ቃጫው ገመድ ይሆናል። ቅጠሉ ከብት ይበላዋል፤ ቆጮም ይጋገርበታል። በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንሰት ይመገባል። እንሰት ድርቅ ይችላል። ዝናብ ቀርቶ ጤፉና በቆሎው ሲደርቅ እሱ ጓሮ ቆሞ ይጠብቃል። ችግሩ ቶሎ አለመድረሱ ነው። ከተተከለ በኋላ እስኪፋቅ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ትልቅ እንሰት ታሞ ቢሞት የሚጠፋው የዘንድሮው ሰብል ብቻ አይደለም። ያምናውም የካቻምናውም ድካም አብሮ ይሄዳል።

ይህን ድካም ከሚያጠፉት አንዱ፣ ምናልባትም ዋናው፣ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ በሳይንስ ተመርምሮ የተጻፈው በ1960 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚባል በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ምልክቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከመሃል የሚወጣው ለጋ ቅጠል ቢጫ ይሆንና ይጠወልጋል፤ ይሰበርና ይንጠለጠላል። ከዚያ ሌሎቹም ቅጠሎች ይከተላሉ። ግንዱ ሲቆረጥ ጥቂት ቆይቶ ከቁስሉ ላይ ዝልግልግ ያለ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ፈሳሽ ይወጣል። ያ ፈሳሽ ነው መርዙ። በቢላዋ ላይ ተጣብቆ ወደ ሚቀጥለው እንሰት ይሻገራል።

ረጭተው የሚያድኑበት መድኃኒት የለውም። የሚደረገው ሌላ ነው። የታመመውን ከነአሚቾው ነቅሎ፣ ቆራርጦ፣ ራቅ ባለ ቦታ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ያስፈልጋል። ጀፎረ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ መጣል በሽታውን ለጎረቤት መላክ ነው። ከብት ከታመመው ቅጠል እንዳይበላ ይከለከላል። አዲስ ችግኝ ከጤነኛ ጓሮ ብቻ ይወሰዳል። በተነቀለው ቦታ ላይ ቶሎ እንሰት አይተከልም፤ ሌላ ሰብል ይዘራበታል። ከሁሉም በላይ ግን ቢላዋው ነው። አንዱን እንሰት ቆርጠው ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት ቢላዋውን በእሳት ላይ ይዞ በደንብ ማጋል ያስፈልጋል። ይህ ገንዘብ አያስወጣም። የሚያስፈልገው ማወቅና አለመርሳት ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት እኔ ተማሪው ለማስተማር ተመድቤ፣ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ መንደር ሰንብቼ ነበር። ስለዚህ በሽታ ከግብርና ባለሙያ የተቀበልኳቸው ፎቶግራፎች በስልኬ ውስጥ ነበሩ። አንድ እሑድ ጀፎረው ላይ ለተሰበሰቡት አባወራዎች ስልኬን እያዞርኩ አሳየሁ። «ቢላዋውን በእሳት ሳትለበልቡ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው አትሂዱ» አልኳቸው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

በሳምንቱ በአንድ ጓሮ በኩል ሳልፍ አንዲት እናት የእንሰት ቅጠል ሲቆርጡ አየሁ። መጀመሪያ መሃሉ ቢጫ ከሆነው ቆረጡ። ቀጥለው በዚያው ቢላዋ ወደ ጤነኛው ተሻገሩ።

«እማማ፣ ቢላዋው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ቢላዋው ምን ሆነ?» አሉኝ።

ለካስ ባለቤታቸው ፎቶግራፉን ካዩት ሰዎች አንዱ ናቸው። ቤት ሲገቡ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲነጋገሩ ረሱት። ነገሩን ስነግራቸው እማማ ሳቁ። «ልጄ፣ እንሰቱን የምቆርጥ እኔ፣ የምፍቅ እኔ። ስልኩን ያሳየኸው ለሱ?» አሉኝ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። በዚያ ጓሮ 3 እንሰት ታሞ ነበር። ስንቱ እንደተቆረጠ በዚያ ቢላዋ እግዜር ይወቅ። ፎቶግራፉም ምክሩም ትክክል ነበር፤ ቢላዋውን ወደያዘው እጅ ግን አልደረሰም።

ይህን ነገር ይዘን ስለ ስልክ እንነጋገር።

በአገራችን የግብርና ኤክስቴንሽን አሠራር በአንድ ቀበሌ 3 ያህል የልማት ሠራተኞች እንዲኖሩ ታቅዷል። አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ቀበሌው ግን ሰፊ ነው። በእዣና በጉመር ደጋ ክረምት ላይ ጭቃውንና ዳገቱን የሄደበት ያውቀዋል። አንድ የልማት ሠራተኛ በሳምንት ስንት ጓሮ ሊያይ ይችላል? በዚህ ምክንያት ነው ሰዎች «እግር የማይደርስበት ድምፅ ይድረስ» ብለው ስልክን ያሰቡት።

በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ 8028 የተባለ የገበሬዎች የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው ሲደውል ሂሳብ አይቆጥርበትም። የሚመልስለት ሰው አይደለም፤ የተቀዳ ድምፅ ነው። ድምፁ «ስለዚህ ሰብል ለመስማት ይህን ቁጥር ተጫኑ» ይላል። ገበሬው ሰብሉን ይመርጣል። ከዚያ ስለ መሬት ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ተባይ፣ የፈለገውን ይመርጥና ያዳምጣል። ለዚህ ውድ ስልክ አያስፈልግም። ባለ ቁልፍ ተራ ቀፎ ይበቃል። ቁጥር መለየት ግን ግድ ነው። 1ን ከ7 የማይለይ ሰው ስለ ጤፍ ጠይቆ ስለ ስንዴ ሊሰማ ይችላል። ቁጥር የቆጠራችሁት ለዚህም ይጠቅማል ማለት ነው።

ይህ መስመር ከተከፈተ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ተደውሎበታል። ደስ የሚለው ነገር ማታ፣ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ መስማት መቻሉ ነው። ያልገባው ሰው ደግሞ እንደገና ይደውላል፤ «ስንቴ ትጠይቀኛለህ?» ብሎ የሚቆጣ የለም። ነገር ግን ሲጀመር ቋንቋው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ነበር፤ በኋላ ሌሎች ተጨመሩ። ትኩረቱም መጀመሪያ ላይ በእህል ሰብሎች፣ በጤፍ፣ በስንዴ፣ በበቆሎና በመሳሰሉት ላይ ነበር። ገበያ የማይወጡና አማርኛ የማይሰሙ የደጋ እናት፣ ጓሯቸው እንሰት የሆነ፣ በእንዲህ ያለ መስመር ምን ያህል ይጠቀማሉ? ይህን የምለው ሥራውን ለማጣጣል አይደለም። መንገድ ሲሠራም እኮ መጀመሪያ ዋናው አውራ ጎዳና ይሠራል፤ ወደየመንደሩ የሚገባው በኋላ ነው። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓመታት ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ማሠራት ሲጀምሩም በአንድ ቀን ሁሉም መንደር አልደረሱም።

የስንዴውን ነገር ካነሳን አይቀር፣ የዋግን ታሪክ መስማት ይጠቅማል። ጉመር ላይ ስንዴ የዘራ ሰው ዋግን ያውቀዋል። ቢጫ ወይም ቀይ ዱቄት የመሰለው ነገር ቅጠሉንና አገዳውን ይሸፍነዋል። ዱቄቱ የበሽታው ዘር ነው፤ ነፋስ ከአገር አገር ይወስደዋል። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ 600 ሺህ ሄክታር ገደማ የሆነ የስንዴ ማሳ ላይ ወርዶ ነበር። ለዋግ የሚረጭ መድኃኒት አለ። ግን ቶሎ ካልተረጨ ዋጋ የለውም። ማሳው ሁሉ ቀልቶ ሲታይ ጊዜው አልፏል።

ስለዚህ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ አንድ አሠራር ተዘረጋ። ማሳ ውስጥ የቆመው ባለሙያ ያየውን በስልክ ወደ ማዕከል ይልካል፤ «እዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን፣ ይህን ያህል ዋግ አይቻለሁ» ይላል። ተመራማሪዎቹ፣ የአገራችንም፣ በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎችም፣ የነፋሱን አቅጣጫና የዝናቡን ሁኔታ አስልተው በሚቀጥለው ሳምንት ዋጉ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ይተነብያሉ። ማስጠንቀቂያውም በአጭር መልእክትና በሌላም መንገድ ወደ ልማት ሠራተኞችና ወደ ገበሬዎች ይላካል። እዚህ ላይ አስተውሉ። ወሬው መጀመሪያ የተነሳው ከማሳው ነው። ማሳ ላይ ያየ ሰው ባይናገር ካምብሪጅ ያለው ኮምፒዩተር ምንም አያውቅም።

ዋጋም እውቀት ነው። ቡታጅራ ገበያ የማረቆ በርበሬ ሲወርድ ያየ ሰው ያውቃል። ገበሬው በርበሬውን በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ ነጋዴው «ዛሬ አዲስ አበባ ዋጋ ወርዷል» ይለዋል። ድሮ እውነት ይሁን ውሸት ማጣሪያ አልነበረውም። አሁን መርካቶ ላለው የወንድሙ ልጅ ደውሎ ይጠይቃል። በሕንድ አገር፣ ኬረላ በምትባለው ክፍለ ሀገር፣ ከ1989 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሞባይል ሲገባ ምን እንደሆነ ጄንሰን የተባለ አሜሪካዊ አጥንቶታል። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ላይ እንዳሉ እየደወሉ የትኛው ወደብ ገዢ እንዳለ ይጠይቁ ጀመር። ከዚያ በፊት ገዢ አጥቶ ባሕር ላይ የሚጣለው ዓሣ ቀረ። አጥማጁ የተሻለ አተረፈ፤ ለበላተኛውም ዋጋው ትንሽ ረከሰ። ነገር ግን በርበሬ እንደ ዓሣ በዕለቱ አይበላሽም፤ ገበሬው ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ዕዳ ከሌለበት ነው ታዲያ። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ሰው ዋጋውን ቢያውቅም ይሸጣል። ስልክ ዕዳ አይከፍልም።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። በጆሮ የማይገባ፣ ዓይቶ ግን ወዲያው የሚገባ ሥራ አለ። ጤፍን በመስመር መዝራት አንዱ ነው። በመስቃንና በሶዶ በኩል እንደሚደረገው ጤፍ በእጅ ሲበተን ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ይፈጃል። በመስመር ሲሆን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል ይላሉ ባለሙያዎቹ። ይህን ለገበሬ በቃል ብትነግሩት «ቀልደኛ ነህ» ይላችኋል። (ጉልበት እንደሚፈጅም አልደብቅም፤ ልጆች ሰብስቦ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ማለት ነው።) እጅ ሲሠራ ካየ ግን ቢያንስ በአንድ መደብ ይሞክረዋል።

ዲጂታል ግሪን የሚባል ድርጅት አለ። ሥራው በ1998 ዓ.ም. ገደማ በሕንድ አገር ተጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነው። ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል ሠርቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። የልማት ሠራተኛው የዚያኑ አካባቢ ገበሬ፣ በራሱ ማሳ፣ በራሱ ቋንቋ ሲሠራ ይቀርጻል። ፊልሙ አጭር ነው። በባትሪ በሚሠራ፣ በእጅ በሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ግድግዳ ወይም አንሶላ ላይ ይታያል። መብራት አያስፈልግም። ገበሬዎች ተሰብስበው ያያሉ። ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። የሚያሳየው ሰው ፊልሙን እያቆመ ይጠይቃል፦ «አሁን ምን አደረገ? ለምን?» ይላል። ገበሬውም ይጠይቃል፤ ይከራከራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማን እንደሞከረው ተዞሮ ይታያል። አንዳንድ ገበሬ ፊልሙ ውስጥ ያለውን ሰው ሲያይ «ይሄ እኮ የእገሌ ልጅ ነው! እሱ ከቻለ እኔ ምን ሆኛለሁ?» ይላል። ከአዲስ አበባ የመጣ ኮት ለባሽ ቢነግረው ይህን አይልም።

ይህ አሠራር በእርግጥ ይጠቅማል ወይ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ2009 ዓ.ም. በተጀመረ አንድ ሰፊ ጥናት የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ሰዎች በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ላይ ፈትነውታል። በአንዳንድ ቀበሌ እንደ ወትሮው በቃል ብቻ ተማሩ። በሌላው ፊልሙን ያዩት አባወራዎቹ ናቸው። በሦስተኛው ባልና ሚስት አብረው አዩ። ፊልሙ የታየባቸው ቀበሌዎች በቃል ብቻ ከተማሩት ይልቅ ብዙ ሰው ደረሱ፤ ሰዎቹም የበለጠ አወቁ፤ ሥራውንም የበለጠ ሞከሩ። ሚስቶች አብረው በተጋበዙበት ቀበሌ የሚስቶች እውቀት ጨመረ። ግን ሚስቲቱ ስላወቀች ብቻ ቤቱ አዲሱን ሥራ የበለጠ መሞከሩ በግልጽ አልታየም። ለምን? ጤፍና ስንዴ ሲዘራ ውሳኔው የባል ስለሆነ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። የእንሰቱ ቢላዋ ግን ያለው በሚስት እጅ ነው። እዚያ ላይ ነገሩ ሳይለይ አይቀርም።

እስቲ ደግሞ እናንተን፣ አዲስ አንባቢዎቹን፣ የሚመለከት አንድ እንቅፋት ላንሳ። አንዳንድ አጭር መልእክት አማርኛ ሆኖ ሳለ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ሀ ሁ ብሎ በስንት ድካም ፊደል የለየ ሰው ስልኩን ሲከፍት የማያውቀው ፊደል ይጠብቀዋል። አንዳንድ አሮጌ ቀፎ ደግሞ የኛን ፊደል ማሳየት አይችልም፤ ባዶ ሳጥን ብቻ ይደረድራል። እንዲህ ሲገጥማችሁ «እኔ ማንበብ አቃተኝ» ብላችሁ አትፈሩ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የላከውን ሰው «በኛ ፊደል ጻፍልን፤ አለዚያም በድምፅ ላክልን» በሉት።

በስልክ የመጣ ሁሉ ደግሞ እውነት አይደለም። «ይህን ዱቄት እንሰት ሥር ጨምሩ፣ አጠውልግ ድራሹ ይጠፋል» የሚል መልእክት ሰው ከሰው ሊቀባበል ይችላል። በላዩም የሻጩ ስልክ ቁጥር አለ። አጠውልግን የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ ከላይ አንብባችኋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ማን እንደጻፈው፣ የት እንደተሞከረ ጠይቁ። ለልማት ሠራተኛው ሳታሳዩ ገንዘብ አታውጡ። የሞባይል የሚስጥር ቁጥራችሁን ለሚጠይቅም ሰው አትስጡ፤ የግብርና ምክር ለመስጠት የሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም።

በሌላ በኩል ካሜራው ራሱ ትልቅ ጥቅም አለው። እንሰቱ ሲታመም «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ» ብሎ መናገር አይበቃም፤ በድርቅም፣ በሥር ተባይም ቢጫ ይሆናል። ግንዱ ተቆርጦ ፈሳሹ ሲወጣ በፎቶግራፍ አንስቶ ለባለሙያው መላክ ይሻላል። የመሃሉን ቅጠልም ለብቻ አንሱት። ከዚያ ቢላዋውን ማጋል እንዳይረሳ።

ወደ እማማ ልመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ የታመሙት 3ቱ እንሰቶች ተነቅለው ተቀበሩ። ጉድጓዱን የቆፈሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ ትንሽ አፍረው ነበር መሰለኝ፣ በጣም ጥልቅ አድርገው ነው የቆፈሩት። እኔም በሌላ ቀን ሴቶቹን ለብቻ፣ ቆጮ ሲፍቁ ባሉበት ቦታ ሄጄ ፎቶግራፎቹን አሳየሁ። አማርኛዬ ለሁሉም አልደረሰም። እማማ ግን ስልኩን ከእጄ ተቀበሉና በጉራጊኛ ያስረዱ ጀመር። እኔ በ5 ደቂቃ የጨረስኩትን እሳቸው ግማሽ ሰዓት አወሩበት። የትኛው የእንሰት ዓይነት ቶሎ እንደሚታመም፣ የትኛው እንደሚቋቋም፣ ካየሁት ሥዕል ውስጥ ያልነበረ ነገር ሁሉ ጨመሩበት።

ከዚያ ልጃቸው ድምፃቸውን በስልኳ ቀዳችው። ስለ ቢላዋው፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ሁሉንም በጉራጊኛ ተናገሩ። መልእክቱ በቴሌግራም ጉመር ላሉት እህታቸው ተላከ። እህታቸው የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ የልጃቸውን ስልክ ነው የሰሙበት።

መልሱ በማግሥቱ በድምፅ መጣ። ልጅቱ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። «ስለ ቢላዋው ገብቶናል፤ ከዛሬ ጀምሮ እንለበልባለን። ከሥር እየገባ አሚቾውን የሚበላው ፍልፈልስ? እሱም ከታመመው ወደ ጤነኛው ይሄዳል። እሱን በምን እሳት እንለብልበው?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩና ሰኞ ወልቂጤ ላለው ባለሙያ ይዤ ሄድኩ።